ወይዘሮ ፋንቱ አያሌው፣ ባትሪያቸውና የፊት ለፊት ጎረቤታቸው

ወይዘሮ ፋንቱ አያሌው ከአባታቸው ከአቶ አያሌው ሽፈራውና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንጉዳይ ተሰማ በ1952 ዓ.ም. በሀብሩ ወረዳ ውርጌሳ አካባቢ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ መርሳ አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ በላይ ያልገፉት ትምህርቱ ከብዷቸው ሳይሆን መምህራኑ እሳቸውን ማዳመጥ ስለሰለቻቸው እንደሆነ ራሳቸው ይናገሩ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ከአቶ ኤፍሬም በላይ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ መሥርተው ሰለሞንንና ፍሬሕይወትን አፍርተዋል። አቶ ኤፍሬም ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ትዳሩም የጸናው በዚሁ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ወይዘሮ ፋንቱ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እዚሁ መርሳ፣ ጁስ ቤት ከፈቱ። ዓመት ሳይሞላ ወይዘሮ ዓቢዳ ሰይድ ፊት ለፊታቸው ሌላ ጁስ ቤት ከፈቱ። ሚኒባሶች በማን ደጅ ይቁሙ በሚል ተጣሉ፤ ሰላምታም ተቋረጠ። የመርሳ ሽማግሌ ሞከረ፣ የወልድያ ሽማግሌም ሞከረ፣ አልሆነም። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ለቀስተኞች መካከል እነዚህን ሁለት ሴቶች ለማስታረቅ ያልደከመ ካለ እጁን ያውጣ!

በ2012 ዓ.ም. ልጃቸው ሰለሞን የመብራቱ መጥፋት እናቱን ቢያማርራቸው ጣሪያው ላይ የፀሐይ ፓኔል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ባትሪና ኢንቨርተር አስገጠመላቸው። ከወልድያ የመጣው ባለሙያ፣ ባትሪው ሙቀት እንደማይወድና ኃይሉ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው እንደሚያጥር ነግሯቸው ሄደ። ወይዘሮ ፋንቱ ይህን እንደ ንስሐ አባት ትእዛዝ ተቀበሉት። ከቤቱ ሁሉ ቀዝቀዝ የሚለው መኝታ ቤት ለባትሪው ተሰጠና አቶ ኤፍሬም ወደ ጓዳ ተዛወሩ። ቬንቲሌተሩም ወደ ባትሪው ዞረ፤ አቶ ኤፍሬም በካርቶን መራገብ ጀመሩ። የጁስ መፍጫው ሲነሳ ኢንቨርተሩ ጭነት በዛብኝ ብሎ እንዳይጮህ መጀመሪያ የጁስ ቤቱ ቴሌቪዥን ይጠፋል። አንድ ሰው አቮካዶ ስላዘዘ ብቻ የመርሳ ጎረምሳ ሳያይ የቀረው ጎል ስንት ነው! ኢንቨርተሩ ላይ የሚታየው የባትሪው ቁጥር ግማሽ ከደረሰማ አለቀ፤ ደንበኛው ጉሮሮው ቢደርቅም "ባትሪዬን አላስገድልም" ይባላል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ምሰሶ ጥሎ መብራት ለሳምንታት ጠፋ። የወይዘሮ ዓቢዳ ልጅ ነሲባ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ የምትወጋው ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይፈልጋል። እናቷ መድኃኒቱን በእንስራ ውኃ ሊያቆዩት ቢታገሉም በመርሳ ሙቀት እንዳይበላሽ ጭንቅ ያዛቸው። ወይዘሮ ፋንቱ ወሬውን ከፍሬሕይወት እንደሰሙ፣ "እሷን አላናግርም፤ መድኃኒቱን ግን አሁኑኑ አምጡት" አሉ።

ሰማዩ ደግሞ ደመና ነው። ያለችው ጉልበት ለማቀዝቀዣውም ለመፍጫውም አትበቃም። ወይዘሮ ፋንቱ መፍጫውን ነቅለው ጁስ ቤቱን ዘጉ። አቮካዶው ጠቁሮ ሲጣል እያዩ፣ በር ላይ ተቀምጠው መንገደኛውን "ውርጌሳ ደርሳችሁ ጠጡ" እያሉ ይሸኙ ነበር። ፀሐይ ጭራሽ በጠፋችበት ሰሞን ቁጥሩ ከግማሽ ወረደና ኢንቨርተሩ ይጮህ ጀመር። አቶ ኤፍሬም ደንግጠው ሊያጠፉት ሲሮጡ ወይዘሮ ፋንቱ፣ "ይተዉት፣ ይጩህ! የሰው ልጅ ከሚሞት እሱ ይሙት" አሉ። የነሲባ መድኃኒት ሳይበላሽ መብራት መጣ፤ ባትሪው ግን አልተረፈም። ወይዘሮ ፋንቱ አልቅሰውለታል። ሰለሞን አዲስ ቢያመጣላቸውም እንደ እንጀራ ልጅ ነበር የሚያዩት። አቶ ኤፍሬም በዚህ አጋጣሚ መኝታ ቤታቸው ተመልሰዋል።

ታዲያ ዕርቅ ወረደ ብላችሁ እንዳትደሰቱ። ወይዘሮ ዓቢዳ አመሰግናለሁ ማለቱ ቢከብዳቸው ደጃቸው የሚቆመውን ሚኒባስ ሁሉ "ወዲያ ማዶ ቁም!" እያሉ ይሰዱ ጀመር። ወይዘሮ ፋንቱ ደግሞ "ማን ለመናት?" ብለው መልሰው ይሰዳሉ። ሹፌሮቹ ተማርረው ለአንድ ሰሞን መርሳን ሳይቆሙ ያልፏት ነበር።

ወይዘሮ ፋንቱ ባደረባቸው የልብ ሕመም በወልድያና በደሴ ሲታከሙ ቆይተው ዘንድሮ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እህል ውኃ እምቢ ባሉ ጊዜ ወይዘሮ ዓቢዳ መንገዱን ተሻግረው፣ በእጃቸው የፈጩትን የማንጎ ጁስ ይዘው ገቡ። ወይዘሮ ፋንቱ ቀመሱና ከዚያ ሁሉ ዓመት ኩርፊያ በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸውን ተናገሩ፤ "ቀጥኗል።" ብርጭቆውን ግን ጨረሱት። በማግሥቱ "ወፍሯል" አሉ፤ እሱንም ጨረሱት። እስከ መጨረሻው ከሌላ ሰው እጅ አልጠጡም።

ወይዘሮ ፋንቱ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ወይዘሮ ዓቢዳንም እዚህ ላይ "ጎረቤታቸው" ብለን ብንጽፍ "ጎረቤትማ ስንት አላት" አሉን። "ጓደኛቸው" ብንል ተቆጡ። "ባላጋራዋ ብላችሁ ጻፉ። ምነው ፋንቱ፣ ከእንግዲህ ማንን ላኮርፍ ነው?" ብለው ተንሰቀሰቁ። ስለዚህ ወይዘሮ ፋንቱ ባላጋራቸውን ወይዘሮ ዓቢዳ ሰይድንና ልጃቸውን ነሲባንም ትተዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ወይዘሮ ዓቢዳ የኔም ይጻፍ ስላሉ ጨምረናል፦ አላህ ይዘንላት።