ባለቤት ያለው ዝምታ

ይኄይስ፣

ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ይህን የምጽፍልህ ከአገርህ፣ ከድጓው ትምህርት ቤት ከቤተ ልሔም ነው፤ በቅሎው እስኪጫን ድረስ እህትህ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ። ሳላዛባ በተራ ልንገርህ።

ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። ጊታርህ ከቁምሳጥኑ ጎን እንደቆመ ነው፤ አንዱ ክር በራሱ ጊዜ ላልቷል፣ አልነካሁትም። እኔም ጋዜጣው ቤት አሁንም እርማት ክፍል ነኝ። ሸክላህ ውጭ አገር ታትሞ የደረሰው አንተ በተቀበርክ በሦስተኛው ወር ነው። ዜናውን ያረምኩት እኔው ነኝ። የመጀመሪያው ገጽ እንደ ወትሮው የጃንሆይ ነበር፤ አንተ አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከአቡጀዲ ማስታወቂያ በላይ፣ አምስት መስመር አገኘህ። ከኦርኬስትራው ወጥተህ፣ ግጥሙንም ዜማውንም ራስህ ደርሰህ፣ በጊታርና በድራም ብቻ የተጫወትከው የመጀመሪያ የሮክ አልበምህ እንደሆነ ይናገራል። ከስምህ በፊት “ሟቹ” የሚለው ቃል ተረስቶ ነበር። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ሸክላውን ግን አልሰማሁትም። አባትህ ዓመቱ ሳይሞላ ዘፈን ቤታችን እንዳይገባ ልከውብኝ ነበር፤ የሐዘን ወጉ ነውና አልተከራከርኩም። ጎረቤታችን እማማ አስካለም በሬዲዮ ድምፅህን ሲሰሙ ለእኔ አዝነው ቶሎ ይዘጉታል። አንድ ቀን ሁለት ቃል ብቻ በግድግዳው በኩል ደረሰኝ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ከተማው ሁሉ ሲሰማህ እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

የመጨረሻውን ዘፈን አንድ ጊዜ ቀረጻው ላይ ሰምቼው ነበር፤ ያን ቀን ነው የተጣላነው። በየግጥሙ ቤት መጨረሻ ጊታሩም ድራሙም ይቆማሉ፤ ሰው አንዴ ተንፍሶ እስኪመልስ ድረስ ምንም የለም። ሦስተኛውን ቤት ደግሞ ሁለት ጊዜ ትለዋለህ። እኔ ባዶ ቦታና የተደገመ መስመር ሳይ እጄን ይበላኛል። ሰው ሸክላው ተበላሸ ይላል፣ አስወጣው አልኩህ። ድምፅ ቀራጩም ከእኔ ጋር ወገነ። አንተ ጊታርህን ሣጥኑ ውስጥ እየከተትክ “ይቆይ፤ ባለቤት አለው” አልክና ወጣህ። እኔ ኩራት መሰለኝ። ሳምንት ሙሉ በወጉ አልተነጋገርንም፤ ከዚያ ታመምክ። ነገሩ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ሙት ዓመትህ ካለፈ በኋላ የኔታ ሸክላውን ይዤ እንድመጣ ላኩብኝ። አባትህም አስተማሪህም ስለነበሩ እንደ ተማሪዎቻቸው ሁሉ የኔታ እንጂ አባባ ብለሃቸው አታውቅም፤ እኔም ካንተ ወርሼ የኔታ እላቸዋለሁ። እስከ ደብረ ታቦር በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲህ በበቅሎ መጣሁ። ንፋስ መውጫ ስደርስ ከአንድ ሐጂ ሱቅ ይዤው ለመጣሁት የሸክላ ማጫወቻ የባትሪ ድንጋይ ገዛሁ። ሸክላውን በጋቢህ ጠቅልዬ መንገዱን ሁሉ ታቅፌው ነው የመጣሁት። እህትህ ጥሩወርቅ ተቀበለችኝና ገልብጣ ገልብጣ አየችው።

“ወንድሜን ሰፌድ አድርገሽ አመጣሽልኝ?” አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እሷ አለቀሰች።

እኔ የፈራሁት የኔታን ነው። ድጓህን ሳትጨርስ ጊታር ብለህ ከሄድክ ወዲህ አንድም ቀን ፊታቸው አዚመህ አታውቅም፤ እሳቸውም አልጠየቁህም። ዘፈን ነው ብለው መሐል ላይ ቢነሡስ? ከእንግዲህ የሚያስታርቃችሁ ሌላ ቀን የለም።

በማግስቱ ጠዋት ሲያስተምሩ አየኋቸው። ተማሪው አንድ ቤት አዚሞ ይቆማል። የኔታ ከተስማማቸው መቋሚያቸውን አንዴ መሬት ላይ መታ ያደርጋሉ፤ ያ ሳይሰማ የሚቀጥል የለም። ካልተስማማቸው ዝም ነው፤ ተማሪውም ያንኑ ቤት ይደግመዋል። እኔ አየሁት እንጂ ልብ አላልኩትም።

ማጫወቻውን ከቤተ ክርስቲያኑ አርቀን በጥሩወርቅ አውድማ ላይ አስቀመጥነው። የገብሱ ጭድ ገና አልተነሣም። የኔታ ዓይናቸው አሁን ጨርሶ አያይም፤ እጃቸውን ይዤ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው።

“ዘፈን ልሰማ አልመጣሁም” አሉ። “ልጄን ልሰማ ነው።”

የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች ሳይንቀሳቀሱ ሰሙ። ድራሙ ሲበረታ ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ፤ ሊነሡ ነው ብዬ እጃቸውን ልይዝ ተጠጋሁ። አልተነሡም። የመጨረሻው ዘፈን ጀመረ። አንደኛው ቤት አለቀና ጸጥ አልክ። እኔ እንደ እርማት ልማዴ ሸክላው ተበላሸ ብዬ መርፌውን አየሁ። ያኔ የኔታ መቋሚያቸውን መታ አደረጉ።

ቀጠልክ።

ሁለተኛው ቤት ሲያልቅም መቱ፤ ቀጠልክ። ሦስተኛው ላይ ግን መቋሚያውን አንሥተው ያዙት፣ አላወረዱትም። አንተም ያንኑ ቤት መልሰህ ጀመርከው፤ በዚህኛው ረጋ ብለህ። ጨርሰህ ስትቆም መቱልህ።

“እዚያች ላይ ሁልጊዜ ይቸኩል ነበር” አሉ። ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ለቅሶ ላይ እንኳ ያላየሁት እንባ በጢማቸው ወረደ።

ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ሸክላው ከመርፌው ሥር ባዶውን ሲሽከረከር ይሰማ ነበር። የኔታ አንድ ጊዜ መቱ፤ ጠበቁ። ደግመው መቱ። ጥሩወርቅ ልትዘጋው እጇን ስትዘረጋ ያዝኳት። ትንሽ እንዲጠብቁ ፈለግሁ።

ይኄይስ፣ ያ ባዶ ቦታ የሳቸው እንደነበር አሁን ገባኝ። እርማቴን ሰርዤልሃለሁ፤ አንተ ግን ይህን ሳትሰማ ሄድክ።

ማጫወቻውን ከነሸክላው ለየኔታ ትቼላቸዋለሁ፤ ድንጋዩ ሲያልቅ እልካለሁ። አዲስ አበባ ስገባ እማማ አስካለን ሬዲዮውን እንዳይዘጉብኝ እለምናቸዋለሁ። ሌላ ሸክላና ማጫወቻ ገዝቼም ከፊቱ እስከ ጀርባው፣ ዘፈን በዘፈን እሰማሃለሁ። ለአባትህ ቦታ የተውክ ሰው ለእኔም የሆነ ቦታ ላይ አንዲት ትንፋሽ ትተህ ይሆናል። እስካሁን አላገኘኋትም። ባላገኛትም እድሜዬን ሙሉ እሰማሃለሁ።

የሺ