ብሩክ ብሮውዘሩን ያስተካከለ ዕለት

ሸዋ ሮቢት፣ ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ዛሬ በቢሮአችን ታሪካዊ ግፍ ተፈጸመብኝ። እስከ ትናንት ጸሐፊያችን ሰዓዳ ከኢንተርኔት ያወረደችው ሰነድ ሁሉ እዚያው ብሮውዘሩ ውስጥ ይከፈትና የአማርኛው ፊደል ሳጥን በሳጥን ይሆንባት ነበር። «ጋሼ፣ ኧረ ይድረሱልኝ!» ትላለች። እኔም ወንበሬን ጎትቼ ከጎኗ እቀመጣለሁ፤ ሰነዱን በሌላ ፕሮግራም እስክከፍትላት ድረስ ቬንትሌተሯ ለሁለታችን ይነፍሳል። በሮቢት ሙቀት ከዚህ የበለጠ ሹመት የለም።

ዛሬ ከአዲስ አበባ የተመደበው ብሩክ የሚሉት ጎረምሳ መጣና ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አንድ ነገር ነካ። ከእንግዲህ ሰነዱ ሁሉ ራሱ በትክክለኛው ፕሮግራም ይከፈታል አሉ።

«ወላሂ ብሩኬ፣ አንተማ ጉድ ነህ!» አለችው። ብሩኬ! እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ስደርስላት አንድ ቀን እንኳ ከጋሼነት ዝቅ አላደረገችኝም።

መላ ዘየድኩ። «ሰዓዳ፣ የእኔም ኮምፒውተር ሳጥን ብቻ እያሳየኝ ነው፤ ነይ እስቲ አስተካክይልኝ» አልኳት።

«ውይ ጋሼ፣ ምን ችግር አለው!» አለችና ከወንበሯ ሳትነሳ ተጣራች፤ «ብሩኬ፣ ጋሼን እርዳቸው!»

መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። የሚያናድደው ደግሞ ልጁ ትሑት ነው። ሽቶውም ጥሩ ነው።