የጎርትናፎላ መሬት ለብሪጅድ ይሁን

እኔ ስመኝ ወልደሚካኤል፣ ካንሰር ሰውነቴን ቢያደክመውም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በኮሎምበስ ከተማ፣ ሂልቶፕ ሰፈር በሚገኘው ቤቴ፣ ዛሬ ሐምሌ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በእማኞች ፊት ይህን ቃሌን አጽፌአለሁ።

ባለቤቴ ዶናል አይርላንዳዊ ነበር። ከአባቱ ወርሶት በሞቱ ለእኔ የተላለፈው መሬት የሚገኘው ጎርትናፎላ በምትባል ታውንላንድ ነው፤ ታውንላንድ በአገራቸው ከጥንት ጀምሮ መሬት የተከፋፈለበት፣ ከእኛ ቀበሌ የሚያንስ ክልል ነው። በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ ረግረግ ያዋስናታል። ስሟ በቋንቋቸው «የደም ማሳ» ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ በወሰን የተጣሉ ወንድማማቾች ስለተራረዱባት ነው ይላሉ። ዶናል ግን «ተረት ነው፤ ከረግረጉ የሚወርደው ውሃ ዝገት ስላለበት ቀይ ነው፤ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው» ይል ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት አብረን ሄድን። በመሬት አዋሳኛችን የሆነው ወንድሙ ማላኪ የወሰኑን ድንጋይ ወደ እኛ ገፍቶት አገኘነው። ዶናል ሊመልሰው ጎንበስ ባለበት ማላኪ በአካፋ ማጅራቱን መታው። ልገላግል ስገባ ክንዴን ሰበረው። የወደቀውን ወንድሙን ደግሞ ደጋግሞ ቀጠቀጠው። የማላኪ ሚስት ብሪጅድ እየጮኸች መጥታ ባሌ ላይ ተደፋችበት፤ አካፋው የእርሷንም ጎድን ሰበረ። ዶናል ራሱን ጭኗ ላይ እንዳደረገ ሞተ። ፍርድ ቤት ቀርባ በገዛ ባሏ ላይ መሰከረችና ተፈርዶበት ታሰረ፤ ስለዚህም ዘመዶቹ ከቤቷ አባረሯት።

የሂልቶፑን ቤት ለልጄ ለቢሩክ፣ መኪናዬንና ወርቄን ለልጄ ለናርዲ ሰጥቻለሁ። የጎርትናፎላን መሬት ለብሪጅድ ሰጥቻለሁ።

ይህን ስናገር ቢሩክ ብድግ አለ።

«ኖ ማሚ! የአባቴን ደም ለገዳዩ ሚስት?»

«እርሷ ምን አደረገች?»

«ማላኪ በሚቀጥለው ዓመት ይፈታል። እዚያው ማሳው ላይ እጠብቀዋለሁ። በዚያው አካፋ ነው የምለው!»

«መሬቱን የከለከልሁህ ለዚህ ነው።»

ከእማኞቹ አንዱ ጋሽ ዓባይነህ ሊይዘው ቢነሣ ገፈተረው፤ እጁ እስኪደማ ግድግዳውን በጡጫ ደበደበ። ናርዲ አቅፋ አስቀመጠችው።

ልጄ ሆይ፣ አንድ ሬሳ አንሥቻለሁ። ሰው ልትገድል ከሄድህ በመቃብሬ አጠገብ አትቁም፤ ልጅነትህንም አልቆጥርልህም። ይህን የምልህ ስለምወድህ ነው።

ቃሌ ይህ ነው፤ የሚሽረው አይኑር።

ስመኝ ወልደሚካኤል (ፊርማ)

እማኞች፦ ዓባይነህ ሰሎሞን፣ የቤተ ክርስቲያን ወንድም (ፊርማ)
ኸይሪያ አብዱልፈታህ፣ ጎረቤት (ፊርማ)

ቢሩክ ወራሽ ስለሆነ እማኝ አይሆንም። ሆኖም ብዕሩን ተቀብሎ ከግርጌ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ሰምቻለሁ። አልተስማማሁም። ግን አልሄድም።»