ጫማዎ ሳይረጥብ ላጋችንን ስለተሻገሩበት ቀን

ለክቡር የከተማችን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የምክር ቤቱ አባላትም በሙሉ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ ጤናውን የሰጣችሁ ጌታ ዕድሜውንም እንዲያበዛላችሁ ከልቤ እመኛለሁ። የእኛን ጤና ከጠየቁ ከጉልበታችን በላይ ደህና ነን፤ ከጉልበታችን በታች ያለውን ክረምቱ ሲወጣ አብረን እናየዋለን። እኔ ዘመናይ ቶሌሳ እባላለሁ፤ ከላጋው ባሻገር ባለው ሰፈር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስብሰባ አዳራሻችሁን መጋረጃ የሰፋሁትም እኔ ነኝ።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ፣ ለዘንድሮ በጀት ከቀረቡት ሦስት ሥራዎች፣ ማለትም ከላጋው የእግረኛ ድልድይ፣ ከጫት ተራው ጣሪያና ከከተማው መግቢያ በር መካከል፣ በሩ መመረጡን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ማንበቤ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላልና፣ ከጭሮ ወደ መሰላ የሚያልፈው መንገደኛ ስማችንን በትልቅ ፊደል ካነበበ ሊናፍቀን እንደሚችል እስከ ዛሬ አለማሰባችን አሳፍሮኛል። ላጋው ደግሞ፣ ደብዳቤዬን ሰሌዳው ላይ ስለምለጥፈው ለማያውቀው አንባቢ ልንገር፣ ሰፈራችንን ከጤና ጣቢያው የሚለይ ደረቅ ወንዝ ነው፤ በበጋ ፍየል ይተኛበታል፣ ጋራው ላይ ሲዘንብ ግን ባጃጅ ገልብጦ ይወስዳል። ልጄ ጸሎት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል፤ የምትወልደውም ወዲያ ማዶ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. የበጀት ኮሚቴውን አስከትለው ችግራችንን በዓይንዎ ለማየት ሰፈራችን ድረስ ስለመጡ አመሰግናለሁ። መምጣታችሁ ሲነገረን ይሉኝታ ያዘን። እንግዳ ክቡር ነው፣ ክቡር ሰው እንዴት ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ውስጥ ይገባል ብለን ከንጋት ጀምሮ ማዳበሪያ ከረጢት በአሸዋ እየሞላን ላጋው ላይ ደረደርን። ጎረቤቴ አዴ ዑሙልኸይር ለልጇ ሠርግ የገዛችውን ምንጣፍ አውጥታ ከላይ አነጠፈችበት፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ኤልያቄምም ክንድዎን ደግፈው አሻገሩዎት። እርስዎም ጫማዎ ሳይረጥብ ደርሰው ተመለሱ፤ በሪፖርታችሁም ነዋሪው ምቹ መሻገሪያ ስላለው ጥያቄው አጣዳፊ አይደለም ብላችሁ ጻፋችሁ። መኪናችሁ ከዓይናችን ሳይጠፋ ጎርፉ መጥቶ ከረጢቱንም ምንጣፉንም ይዞ ሄደ። አዴ ዑሙልኸይር አልሐምዱሊላህ ብላ ትታዋለች፤ እኔ ግን አልተውኩትም።

2. በሕዝባዊ ስብሰባው ላይ ስላሳያችሁን ጥሩ አድማጭነት አመሰግናለሁ። እንደሚያስታውሱት የጫት ነጋዴዎቹ ተወካይ በክሪ ተነስቶ፣ ጫታችን በላስቲክ ተሸፍኖ ይሰነብታል፣ ምጥን ግን ላስቲክ አያግደውምና ድልድዩ ይቅደም አለ። ሰው እንዲህ ሲያከብር ዝም ማለት ነውር ስለሆነ እኔም ተነስቼ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የሚውሉትን ሻጭ ሴቶች አስቤ የለም፣ ጣሪያው ይቅደም አልኩ። እሱ መልሶ ለመነኝ፣ እኔም መልሼ ለመንኩት። ክቡር ሆይ፣ በእኛ አገር ሁለት ሰው ደጃፍ ላይ ሲገናኝ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም መባባሉ የታወቀ ነው፤ በዚህ ምክንያት ግን ሁለቱም ሳይገቡ ወደየመጡበት ይመለሳሉ ማለት አይደለም። ቃለ ጉባኤያችሁ ሁለቱም ወገኖች ጥያቄያቸውን በፈቃዳቸው ትተዋል ይላል። ከዚያ ወዲህ በክሪና እኔ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታውን ማን ይጀምር እያልን እንፈራለን።

3. ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ያቀፈው የመረዳጃ ማኅበራችን፣ ማለትም አፎሻችን፣ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ላጋውን ስለሚያሻግር አርአያ ነው ብላችሁ ስለሰጣችሁን የምስክር ወረቀት እናመሰግናለን። ወረቀቱ በክብር ተሰቅሏል። ውሃው ደረት ሲደርስ እሱን ይዞ የሚሻገር ተሸካሚ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ወጉን ለአፍታ ትቼ ልናገር፤ ፈርቻለሁ። ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን የደረጀ ሚስት ጎርፉ እስኪጎድል ላጋው ዳር ተቀምጣ ስታምጥ ዋለች። ጤና ጣቢያው ከተቀመጠችበት ይታይ ነበር፤ ነርሷም ወዲያ ማዶ ቆማ በእጇ ምልክት ትሰጠን ነበር። ሕፃኑ በሕይወት አልተወለደም። ልጄ ይህን ሁሉ አጠገቧ ሆና አይታለች፤ አሁን ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ሆዷን ይዛ ትቀመጣለች። እኔም ዓይኔን ከሰማዩ ሳላነሳ እየሰፋሁ የሰው ቀሚስ አበላሽቻለሁ።

ድልድዩ ለሚቀጥለው ዓመት እንደሚታሰብልን መስማቴን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። ምጡም ለሚቀጥለው ዓመት እንዲተላለፍልን ጸሎትን ለማግባባት ሞክሬ ነበር፤ ሕፃኑ በጀት ዓመት የሚባል ነገር ገና ስላልገባው አልተስማማም። ለዚህ የቤተሰባችን ግትርነት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በሩ ተመርቆ ሪባኑ ሲቆረጥ በአካል ባልገኝ ንቀት ሳይሆን ውሃ ይዞኝ መሆኑን እንዲረዱልኝ እየለመንኩ፣ ወንበርዎ የጸና፣ መንገድዎ ሁሉ ደረቅ እንዲሆን የምመኝ፣ ለክብርዎ ከነእርጥብ ቀሚሴ እጅ የምነሳ፣

ዘመናይ ቶሌሳ
ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሰሌዳው ላይ ሳልለጥፈው ትናንት ከቀትር በኋላ ጋራው ላይ ዘነበ፤ ጸሎትንም ምጥ ያዛት። በክሪና የጫት ተራ ተሸካሚዎች ከተማው በኩል ለበሩ ሥራ የቆመውን የመወጣጫ እንጨት ፈትተው፣ ላጋው በሚጠብበት ቦታ ላይ አጋድመው በገመድ አሰሩት። ልጄ በእሱ ላይ በቃሬዛ ተሻግራ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ዘበኛችሁ እንጨቱን ሲፈልግ እንዳይደክም ያለበትን ተናግሬያለሁ። እናትና ልጅ ገና ወዲያ ማዶ ናቸውና ወደ ቤታቸው እስኪሻገሩ አንድ እንጨት አይነሳም። ከእነሱ ቀጥሎ የጎረቤታችን የሳብሪና ወር ነሐሴ ላይ ነው፤ በሩ ትንሽ ይጠብቅ።