የመንገድ ካርታችን አዘጋጅ ስለነበሩት ስለ ወይዘሮ ኮርሊስ ሃልቮርሰን ዕረፍት

የግዛታችንን ይፋዊ የመንገድ ካርታ ለሃያ አምስት ዓመት ያህል ያዘጋጁት፣ ኋላም ማኅበራችንን በሊቀመንበርነት የመሩት ወይዘሮ ኮርሊስ ሃልቮርሰን ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ብሬንዊክ ከተማ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ሳለ በሰማንያ አራት ዓመታቸው ዐርፈዋል። የሜዳው አገር የመንገድ ወዳጆች ማኅበር አባላት በሙሉ በዚህ ዜና የተሰማንን ጥልቅ ሀዘን እንገልጻለን። ሀዘናችን ግን የመረረ አይደለም። ጤና ያልጎደለው፣ በወደዱት ሥራ የተሞላ ረጅም ዕድሜ ኖረዋል፤ እርሳቸውም ይህንኑ በየአጋጣሚው ይናገሩ ነበር።

ወይዘሮ ኮርሊስ እ.ኤ.አ. በ1940 በኦርዴል አቅራቢያ ከሚኖሩ ገበሬዎች ተወለዱ። በቤታቸው በራፍ የሚያልፈው መንገድ ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ ኮረብታም ወንዝም በሌለበት ሜዳ ላይ ድንገት ወደ ግራ ይታጠፍና ጥቂት እልፍ ብሎ ደግሞ ይቃናል። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን በልጅነታቸው አባታቸውን ቢጠይቁ፣ «ምድር ክብ ናት። መሬቱንና መንገዱን የለኩት ሰዎች ደግሞ በአራት ማዕዘን መከፋፈል ይወዱ ነበር። እኛ ቤት ጋ ሲደርሱ ሂሳቡ አልገጥም አላቸው» ብለው መለሱላቸው። ወይዘሮ ኮርሊስ ሙያቸውን የመረጡት በዚያች መልስ እንደነበረ ይናገሩ ነበር።

በግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ተምረው በ1962 በመንገድ ቢሮው በካርታ ነዳፊነት ተቀጠሩ። ያኔ ሥራው በቀጭን መርፌ ፕላስቲክ ላይ እየጫሩ ነበር፤ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፕላስቲክ ነበረው። በ1979 የካርታው ዋና አዘጋጅ ሆኑ። በየነዳጅ ማደያው በነጻ የሚታደለው የዚያን ዘመን ካርታ አስፋልቱን በደማቅ መስመር፣ ጠጠሩን በቁርጥራጭ መስመር፣ የአፈር መንገዱን በነጠብጣብ ለይቶ ያሳይ ነበር። አንድ የእህል ጎተራና ሁለት ቤት ብቻ የቀሯት መንደር እንኳ ስሟ በላዩ ሰፍሮ ነበር።

ማኅበራችን በ1983 ተመሠረተ። ቁጥር ያለውን መንገድ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየነዳን፣ የየዓመቱን ካርታ እየሰበሰብን፣ በምልክት ሰሌዳ ቀለም እየተከራከርን የምንኖር ሰዎች ነን። መሥራቹና የመጽሔታችን አዘጋጅ አቶ ዴልማር ኮሳንኪ ሲሆኑ፣ መተዳደሪያቸው የትራክተር መለዋወጫ መሸጥ ነበር። የየግዛቱን ካርታ በየዓመቱ እየመረመሩ ደረጃ ይሰጡ ነበር፤ የእኛው ግዛት ካርታ ለዓመታት ከፊተኞቹ ተራ አልወጣም።

በ1987 ነገሩ ተበላሸ። ወደ ቢሮው የመጡት አዲስ ዳይሬክተር ለግዛቱ ገዥ ትልቅ ፎቶግራፍና ለመዝናኛ ቦታዎች ማስታወቂያ ሲሉ ካርታውን አሳነሱት። ቦታ ሲጠብ ትንንሾቹ መንደሮች ወጡ። ጠጠሩም፣ አፈሩም፣ ጠባቡም አስፋልት በአንድ ዓይነት ግራጫ መስመር ተሠመሩ። ወይዘሮ ኮርሊስ በስብሰባ ተቃውመው ተሸነፉ። አቶ ዴልማር በመጽሔታችን ላይ «የዘንድሮው ካርታ ሳንድዊች ለመጠቅለል ይሆናል፤ ሞክሬዋለሁ» ብለው ጻፉ።

በዚያው ዓመት መከር ብሬንዊክ በሚገኝ ምግብ ቤት ዓመታዊ ስብሰባችንን ይዘን ሳለ አንዲት ረጅም ሴት ካርታ በብብታቸው ይዘው ገቡ።

«ሳንድዊች ጠቀለልኩበት ብሎ የጻፈው ማነው?»

አቶ ዴልማር የቼሪ ፓይ የሚበሉበትን ሹካ አስቀመጡ። «እኔ ነኝ፣ እመቤቴ። እርስዎስ?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ። ሳንድዊቹ የምን ነበር?»

«የካም፤ የአሳማ ሥጋ።»

«ቀለሙ ለቀቀ?»

«ኧረ አልለቀቀም።»

«እንግዲያው ማተሚያ ቤቱን አመስግኑልኝ» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ ትችታችንን ከላይ እስከ ታች አብረውን አነበቡ። በብዙው ተስማሙ። አንድ ሐይቅ ያለ ቦታው ገብቷል ባልንበት ላይ ግን፣ «አይ፣ እዚህ ላይ ተሳስታችኋል። ካርታው አልተንቀሳቀሰም፤ ሐይቁ ነው የተንቀሳቀሰው። እናንተ ያያችሁት በድርቁ ጊዜ ነው» አሉን። እኛም ሄደን አይተን፣ ውሃው መንገዱን አልፎ መምጣቱን አረጋገጥን። ሊሄዱ ሲነሡ አቶ ዴልማር ካፖርታቸውን አቀበሏቸው።

«ስለ አፈር መንገዶቹ የጻፉት እውነት ነው» አሏቸው ወይዘሮ ኮርሊስ፤ «የተቀረው የሚያሳፍር ብቻ ነው። ይህኛው ግን ሰው ይጎዳል።»

በ1991 በመጋቢት የበረዶ ውሽንፍር ይኸው ደረሰ። አቶ ሮይስ ቲመርማን እና ነፍሰ ጡር የነበሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ጆአን በኦርዴል ትምህርት ቤት ሊያስተምሩ ከሌላ ግዛት በመኪና እየመጡ ነበር። ዋናው መንገድ በበረዶ ሲዘጋባቸው ካርታውን ዘርግተው በአንዱ ግራጫ መስመር ታጠፉ። መስመሩ በረዶ ጠራጊ የማይደርስበት የአፈር መንገድ ነበር። መኪናቸው ተቀበረ። በማግስቱ ከብቶቹን ፍለጋ የወጣ አንድ አርቢ አገኛቸው። ወይዘሮ ጆአንና ፅንሱ ተረፉ፤ አቶ ሮይስ ግን የአንድ እግራቸው ጣቶች ተቆረጡ።

ወይዘሮ ኮርሊስ ማንም ሳይልካቸው ሆስፒታል ድረስ ሄዱ፤ ማን እንደሆኑም ተናገሩ።

«ካርታው መንገድ አለ ብሎን ነበር» አሉ አቶ ሮይስ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ግራ ገብቷቸው ነበር።

«መንገድማ አለ። ምን ዓይነት መንገድ እንደሆነ ነው ያልነገርናችሁ።»

«ለምን?» አሉ ወይዘሮ ጆአን።

«ቦታ የለም ተባልኩ።»

ወይዘሮ ጆአንም፣ «ቦታ የጠፋው ለኛ ነው ማለት ነው» አሏቸው። ወይዘሮ ኮርሊስ ከዚያ ቀን በኋላ በዚህ ጉዳይ ወደ ኋላ አላሉም።

በ1992 ቀጣዩ ካርታ ለኅትመት ሲቀርብ፣ የአፈር መንገዶቹ እስካልተለዩ ድረስ ስማቸው እንደማይወጣበት ለዳይሬክተሩ አስታወቁ።

«ኮርሊስ፣ የገዥው ፎቶግራፍ የትም አይሄድም።»

«እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ።»

«ወዴት?»

«ወዳዘዙኝ። ካርታ ማንበብ አያቅተኝም።»

የተላኩት ከየመንገዱ ተነቅለው የመጡ አሮጌ ሰሌዳዎች ወደሚከማቹበት መጋዘን ነበር። ማሞቂያውም ደህና አይሠራም ነበር። ወሬው ለማኅበራችን በደረሰ ሳምንት አቶ ዴልማር አንድ ቴርሞስ ሾርባ ይዘው ሊጠይቋቸው ሄዱ፤ በሩ ላይ ግን ቆመው ቀሩ። ከጣሪያ እስከ ወለል ከእንግዲህ የማይሠሩ የመንገድ ቁጥሮች ተደርድረው ነበር።

«በቅጣት ነው እዚህ ያመጡሽ?» አሉ።

«አዎ።»

«እኛን ቢቀጡን እኮ ገንዘብ ጨምረን ነበር የምንመጣው።»

ወይዘሮ ኮርሊስ ወደ መጋዘኑ ከተላኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቁት ያኔ እንደነበረ ነግረውናል። ሾርባውን ተካፍለው ጠጡና በግዛቱ ምክር ቤት የመንገድ ኮሚቴ ፊት ጉዳዩን ለማቅረብ መከሩ። አባሎቻችን በየአውራጃቸው የመረጧቸውን እንደራሴዎች እየሄዱ ለመኑ፤ አንዳንዶቹን እስከ እርሻቸው ድረስ ተከትለዋል። በሚቀጥለው ዓመት መግቢያ ላይ ኮሚቴው ሊሰማን ፈቀደ።

ኮሚቴው በተሰበሰበበት ቀን ከኛ ወገን በመጀመሪያ የተናገሩት አቶ ዴልማር ነበሩ። ክራቫት አስረው፣ ስለ መስመር ውፍረትና ስለ ቀለም ብዙ ተናገሩ። ሰብሳቢው በመጨረሻ፣ «አቶ ኮሳንኪ፣ የቀለሙ ነገር ገብቶናል፤ ቢቀመጡስ» አሏቸው። ቀጥሎ አቶ ሮይስ በከዘራ ተነሥተው አጭር ምስክርነት ሰጡ። በመጨረሻ ወይዘሮ ጆአን ሴት ልጃቸውን ለባላቸው አቀበሉና፣ ያንን ካርታ ዘርግተው ፎቶግራፉን ወደ ኮሚቴው አዞሩት።

«ይህን ፊት በደንብ አውቀዋለሁ» አሉ። «መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ስናየው ነበር። አልጠላሁትም፤ ደግ ሰው ይመስላል። ግን የት እንዳለን ሊነግረን አልቻለም።»

ነገሩ በዚያው ዕለት ከገዥው ጆሮ ደረሰ፤ እርሳቸውም ዳይሬክተሩን ጠርተው፣ «አውጡልኝ። ካርታው ሲታጠፍ መታጠፊያው አፍንጫዬ ላይ ነው የሚያልፈው፤ እናቴም አልወደደችውም» ማለታቸውን በቦታው የነበሩ ሰዎች ነግረውናል። ምክር ቤቱ በግዛቱ ካርታ ላይ አስፋልት፣ ጠጠርና አፈር ተለይተው እንዲታዩ በሕግ ደነገገ። ወይዘሮ ኮርሊስ ሰኔ ላይ ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። መጋዘኑን ሲለቁ ግን ሰሌዳዎቹን በመንገድ ቁጥራቸው ቅደም ተከተል ደርድረው ነበር፤ አሁን በከተማችን ቤተ መዘክር የሚታየው ስብስብ የተገኘው እንደዚያ ነው።

የ1994ቱ ካርታ ወጣ። ነጠብጣቡ መስመር ተመልሶ ነበር፤ ትንንሾቹ መንደሮችም ተመልሰው ነበር። ካርታው በደረሰ ሰሞን የአንዲት መንደር ነዋሪዎች ስማቸው ያለበትን ገጽ በመስታወት አስገጥመው ጎተራው ቢሮ ውስጥ ሰቀሉት። አቶ ዴልማር በመጽሔታችን የሰጡት ትችት በማኅበራችን ታሪክ እጅግ አጭሩ ነው፤ «የማርመው የለኝም» ይላል። ወይዘሮ ኮርሊስ ግን አንዲት የተሳሳተች ፊደል አግኝተው በማግስቱ ደወሉላቸው።

በ2004 ጡረታ ወጡ፤ በዚያው ወር የማኅበራችን አባል ሆኑ። በ2006 ከአቶ ዴልማር ጋር ተጋቡ። የጫጉላ ሽርሽራቸውን ግዛቱን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ በሚያቋርጠው አሮጌ መንገድ አደረጉ፤ ማን ይንዳ በሚለው ሳይስማሙ ሄደው ሳይስማሙ ተመለሱ። ከ2007 ጀምሮ ለስድስት ዓመት በሊቀመንበርነት ሲያገለግሉ፣ የወረቀቱ ካርታ ጨርሶ ይቅር የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። አልተቆጡም። ከቢሮው ወጣቶች ጋር ተቀምጠው፣ ቁጥሩ ቀንሶ ጥራቱ እንዲጠበቅ ተስማሙ፤ ስምምነቱ ዛሬም ጸንቷል። የቲመርማን ቤተሰብም ኦርዴል ቀርተው አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ወይዘሮ ጆአን የማኅበራችን ጸሐፊ ናቸው፤ ይህን መግለጫም ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የወይዘሮ ኮርሊስ ዓይን ደከመ። ካርታ ማንበብ ሲያቅታቸው አዝነው እንደሆነ ጠይቀናቸው፣ «ያነበብኩት ይበቃኛል፤ አሁን ዴልማር እያየ ይነግረኛል፣ እኔ አርመዋለሁ» ብለውናል። ባለፈው ጥቅምት እንደ ልማዳቸው ሽርሽር ወጥተው፣ በቆሎው ታጭዶ ሜዳው ሁሉ አንድ ዓይነት በሆነበት ሰዓት አቶ ዴልማር መንገድ ሳቱ። ያን ቀን የተባባሉትን አቶ ዴልማር ራሳቸው እንድንጽፈው ፈቅደውልናል።

«የት ደረስን?» አሉ ወይዘሮ ኮርሊስ።

«እውነቱን ልንገርሽ? አላውቀውም።»

«ጠጠር ነው አይደል? ድምፁ ጠጠር ነው።»

«ጠጠር ነው። ልመለስ?»

«ለምን ትመለሳለህ? ፀሐዩ ጥሩ ነው። ዝም ብለህ ንዳ።»

ማኅበራችን ለባለቤታቸው ለአቶ ዴልማር ኮሳንኪ፣ ለእኅታቸው ለወይዘሮ አርዲስና ለልጆቻቸው፣ በመንገድ ቢሮው አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉና ካርታቸውን ይዘው በሰላም ለገቡ መንገደኞች መጽናናትን ይመኛል። እግዚአብሔር ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለቀሩት ብርታትን ይስጥ።

ሥርዓተ ቀብራቸው የፊታችን ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በኦርዴል ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ከቀብር በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የካም ሳንድዊችና የድንች ሰላጣ ተዘጋጅቷል። አበባ እንዳይመጣ ቤተሰቡ ጠይቋል።

አቶ ዴልማር በዚያ ቀን መንዳት እንደማይፈልጉ፣ ቤት ለመግባትም እንደማይቸኩሉ ነግረውናል። ይዟቸው የሚሄድ አባል ለጸሐፊዋ እንዲያስታውቅ እየጠየቅን፣ ረጅሙን መንገድ የሚያውቅ ቢሆን እንመርጣለን።