እርፍ የጨበጥንበት ሰሞን

ሰኞ፣ ግንቦት

ወደቅኩ። ማረሻው ሥር ነክሶ ቀረ፣ በሬዎቹ ጎተቱ፣ እርፉ ደረቴን ብሎ በጀርባዬ ዘረረኝ። እትዬ አስካለ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ዘሃራ አፏን በሻሿ ሸፈነች። ጋሽ ሰይድ ብቻ አልሳቁም።

«አትታገይው ልጄ። ተጫኚው እንጂ አትታገይው» አሉኝ።

እንደገና ያዝኩ። እንደገና ወደቅኩ። ሦስተኛው ላይ ትልም የሚመስል ነገር ወጣ።

በእኛ አገር ወንድ እያለ ሴት እርፍ አትነካም። አሁን ግን ወንድ የለም። የእኔው ባል፣ ጣሊያን ሸዋ ሮቢት የገባ ጊዜ ጫካ ገብቷል፤ ስሙን እዚህ አልጽፍም። እትዬ አስካለ ባላቸው የሞቱባቸው ዱሮ ነው፤ መሬታቸውን የሚያርስላቸው የእኔው ነበር። የጋሽ ሰይድን ልጅ አሊን፣ የዘሃራን ባል፣ ጣርማ በር ድንጋይ ሊያስፈልጡት ወስደውታል። ጋሽ ሰይድ ጥንድ በሬ አላቸው፣ ጉልበት የላቸውም። እኛ ጉልበት አለን፣ በሬ የለንም። እሳቸው ሊያስተምሩን፣ እኛ የእሳቸውንም የየራሳችንንም ልናርስ ተስማማን።

ማክሰኞ

መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ። ብዕር መያዝም ያማል።

ዛሬ መጥመድ ተማርን። ቀንበሩ በሬውን እንዳይልጠው ማስተካከል፣ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረውን ምራን ማጥበቅ፣ ጥግ ላይ ሲደርሱ ማረሻውን ከፍ አድርጎ ማዞር። ጥቁሩ በሬ ጉራቻ ገር ነው፤ ሌላው፣ ቦራ፣ ግን ሴት መሆናችንን ያወቀ ይመስል ባሰኘው ቦታ ይቆማል። ጋሽ ሰይድ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጮኻሉ። ሲደክማቸው በምርኩዛቸው ያመለክታሉ።

ጎረቤታችን ጋሽ ይመር ከማሳው ዳር ቆመው ሲያዩን ቆዩ። «ሴት መሬት ስትወጋ ሰማይ ይዘጋል። ዝናቡን ያስቀራችሁት እናንተ ናችሁ» አሉ።

«ወላሂ ዝናቡ የቀረው እነዚህ ሳይጀምሩ ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ። ጋሽ ይመር ምራቃቸውን ጢቅ ብለው ሄዱ።

እትዬ አስካለ ነገሩን ናቁት። እኔ ግን ፈራሁ። የካህን ልጅ ነኝ፣ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር የትም አላነበብኩም። ቢሆንም ፈራሁ። ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ነው።

ረቡዕ

አሊ ሞቷል።

ከጣርማ በር ያመለጠ ሰው ነው ያረዳን። ለጣሊያን መንገድ ቋጥኙን ሲያፈነዱ ተንዶ ሰዎች ተቀብረዋል፤ አሊ አንዱ ነው። ሬሳ አልወጣም። ሰውየው ውሃ ጠጣ፣ ፊቱን ሸፈነ፣ ወደ ማጀቴ ከተማ ሄደ።

ዘሃራ ከማሳው ወዲያ ጫፍ እርፍ ይዛ ነበር፤ አልሰማችም። ጋሽ ሰይድ ምርኩዛቸውን ጥለው እየተንገዳገዱ ሄዱና እርፉን ከእጇ ተቀበሏት። ፊታቸውን አየች፣ አወቀች። አላለቀሰችም። በሬዎቹን ፈትቼ ወሰድኩ።

ሐሙስ

ለቅሶ። ንፍሮ ቀቅዬ ወሰድኩ። ወንዶቹ ውጭ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ዘሃራ ግድግዳውን እያየች ተቀምጣለች። ስትጠራ አትሰማም።

ከቀትር በኋላ ዝናብ ጣለ። ስንት ቀን የለመንነው ዝናብ። እልል ያለ ሰው የለም።

ዓርብ

ጋሽ ሰይድ በማለዳ አስጠሩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ይህ ቆላ ነው፤ እርጥበቱ አይቆይም። መሬት ለሐዘን አይጠብቅም። ሂጂ፣ የራስሽን ዝሪ» አሉኝ።

ከእትዬ አስካለ ጋር ወጣን። ያለ አስተማሪ የመጀመሪያችን ነው። ሳንማከር ሁለታችንም ወደ ጋሽ ሰይድ ማሳ ታጠፍን። እትዬ አስካለ ማሽላውን በተኑ፣ እኔ እያረስኩ አፈር አለበስኩት። አልወደቅኩም። እኩሌታውን ጨረስን።

ከዚያ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ መጡ፣ አንድ ባንዳ አስተርጓሚ ይዘው። ቦራን ፈቱት። ለሥጋ ነው። እትዬ አስካለ ገመዱን አልለቅም ሲሉ በሰደፍ ትከሻቸውን መቷቸው።

«አርፈሽ ቁሚ፣ ባልሽ የት እንዳለ ሳይጠይቁሽ» አለኝ አስተርጓሚው። አርፌ ቆምኩ። ምን ላድርግ?

ቅዳሜ

አንድ በሬ አያርስም። መሬቱ ከላይ መንጣት ጀምሯል። የእትዬ አስካለ ክንድ አብጧል።

ቀትር ላይ ጋሽ ይመር ደጃፌ መጡ። ሊሰድቡኝ መስሎኝ ነበር። መሬት መሬት እያዩ ቆሙ። ትናንት አስካሪዎቹ ከእሳቸውም አንድ በሬ ነድተዋል። ወባ ስላንገላታቸው ቀሪውንም ቢሆን መጥመድ አይችሉም።

«የቀረው በሬዬ ከጉራቻ ጋር ይቀናጅ። የሰይድን፣ የናንተን፣ ከተረፈ የኔንም እረሱ» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «በሬዬን አትምቱብኝ።»

«አንመታም።»

በሬውን ሊያመጡልኝ ሄዱ።

እሁድ

ሰንበት ነው፣ አልጠመድኩም። ፀሐይዋ ግን ሰንበት አታውቅም።

ጋሽ ሰይድን ልጠይቅ ሄድኩ። እትዬ አስካለ በክንዳቸው ምክንያት አይችሉም፤ ብቻዬን ደግሞ ዘርቼ አርሼ አልደርስም። ይህን ስነግራቸው ዘሃራ፣ «እኔ እወጣለሁ» አለች። ከረቡዕ ወዲህ ድምፅዋን የሰማሁት ገና ዛሬ ነው። ባል የሞተባት ሴት ዒዳዋን፣ የሐዘን ወራቷን፣ ቤቷ መቀመጥ አለባት።

«ለጉሮሮ በቀን መውጣት አይከለከልም» አሉ ጋሽ ሰይድ። «አላህ ያያል።»

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ ጠመድን። የጋሽ ይመር በሬ ለጉራቻ ባዳ ነው፤ እስኪላመዱ ብዙ ለፋን። እኔ ዘራሁ፣ ዘሃራ አረሰች። የአማቷን ማሳ ጨረስን፣ የእትዬ አስካለን ጨረስን። የእኔን ስንጀምር አፈሩ ደርቆ አቧራ ያነሳ ነበር። ዘሩን ለአቧራ ሰጠሁት።

መሃል ላይ ዘሃራ በሬዎቹን አቆመች። እርፉን ሳትለቅ ቁጭ አለችና ጮኻ አለቀሰች። የአሊን ስም እየጠራች። አልነካኋትም። በሬዎቹም አልተነቃነቁም። ሲወጣላት አፍንጫዋን ጠርጋ ተነሳች። «ሃ!» አለቻቸው።

ማሽላው ይብቀል አይብቀል አላውቅም። ደመናው ከእኛ አልፎ ወደ ማጀቴ አዘንብሏል። ከዘሃራ ጋር ቦይ ዳር ተቀምጠን እግራችንን ታጠብን።