እንዳትለቂ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12፣ ፍኖተ ሰላም

የእህቴ ልጅ ብርቄ ዛሬም እርሳሱን በሙሉ ጭብጧ ጨምድዳ ያዘችው። አንድ መስመር ሳትጨርስ ወረቀቱ ተቀደደ። መምህሯ «ጨርቅ ጠምጥሚበት፤ ወፈር ሲል ይቀላታል» ብላኝ ነበርና ከሣጥን ያገኘሁትን ቁራጭ ጠመጠምኩበት። የሟች እናቷ ነጠላ ጥለት መሆኑን ያወቅኩት ብርቄ ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋው ነው። ምን ነክቶኝ ነው ሳላየው የቀረሁት!

«የእማዬ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲያ ጭራሽ አጠበቀችው፤ ጣቶቿ ደም ሸሽቷቸው ነጡ።

«ላላ አድርጊው እንጂ፣ የኔ ዓለም።»

«እማዬ እንዳትለቂ ብላኛለች።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጅጋ ገበያ ሲሄዱ እህቴ የነጠላዋን ጫፍ ታስይዛትና «እንዳትለቂ፣ ትጠፊያለሽ» ትላት ነበር። ብርቄም በሰውና በአህያው መሃል ልክ እንዲህ ጨምድዳ ነበር የምትከተላት። ባለፈው ክረምት ግን እህቴን በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ሲያስገቧት ልጅ አይገባም ተባለና ብርቄ በሩ ላይ ነጠላዋን ለቀቀች። እህቴ ከዚያ በእግሯ አልወጣችም።

«አሁን እኮ ገበያ አይደለንም፤ አትጠፊም» አልኳት።

ቀና ብላም አላየችኝ። «እኔማ አልጠፋሁም። ስለቃት የጠፋችው እማዬ ናት።»

እርሳሱን እንደያዘች በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። እራት ቀርቧል። እንድትበላ እጇን ማስለቀቅ አለብኝ። ልቀቂው ልላት ነው፤ ግን በየትኛው አፌ?